በሽታን ማን ክርስትና አነሣው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሰው ልጅ እውነት ይሆናል፤ ለበሽታ ግን ስም የሚያወጣለት መልአክ ሳይሆን ፕሮፌሰር ነው። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ለፈተና የምናነበንበው ደብተር ደብተርነቱ ቀርቶ የእድር መዝገብ መስሏል፤ ኮኽ፣ ቪርኾ፣ ላንገርሃንስ፣ አልዛይመር፣ ቢልሃርዝ፣ ራይተር፣ ክላራ። ሁሉም ጀርመንኛ ተናጋሪዎች፣ ሁሉም በሕይወት የሌሉ፣ ሁሉም ፈተና ላይ የሚመጡ። «ኧረ ምላስ የማይሰብር ስም ያለው አንድ እንኳ ይጥፋ!» እየተባባልን መሳቃችን አልቀረም።

ለመሆኑ ጀርመንኛው ለምን በዛ? በ19ኛው መቶ ዘመን እነበርሊን፣ እነቪየና፣ እነቩርትስቡርግ ሕክምናን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ብቻ ሳይሆን ከማይክሮስኮፕ ሥር ጭምር ያስተምሩ ነበር። ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ሲታይ ስም ይፈልጋል፤ ስሙም ብዙውን ጊዜ ላየው ሰው ይሰጣል። ፓውል ላንገርሃንስ በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙትን የሕዋሳት ስብስቦች በ1869 ሲገልጽ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ገና የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። ጽሑፉም የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ደሴቶቹ ምን እንደሚሠሩ ግን ሳያውቅ በ1888 ሞተ፤ ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 ነው። ታዲያ የመመረቂያ ጽሑፍ ቀልድ አይደለም ጃል!

እንዲህ ያለውን ታሪክ ስንሰማ ደስ ይለናል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ አንዱ ስም ከመቃብር በላይ ሲውል ከሥሩ የሚቀበር ሌላ ሰው የለም ወይ?

የአልዛይመርን በሽታ እንይ። በኅዳር 1901 ወይዘሮ አውጉስተ ዴተር የሚባሉ የ51 ዓመት ሴት ፍራንክፈርት በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር አጠገባቸው ተቀምጦ ስማቸውን ጠየቃቸው። «አውጉስተ» አሉ። የቤተሰብ ስም ሲጠየቁም «አውጉስተ»፤ የባለቤታቸው ስም ሲጠየቁም እንደገና «አውጉስተ»። ከነበራቸው ሁሉ የቀረቻቸው ይህች አንዲት ስም ነበረች። በ1906 ሲሞቱ አልዛይመር አንጎላቸውን መርምሮ በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ ያየውን አስረዳ። በ1910 ደግሞ ክሬፔሊን የተባለው ታላቅ የአእምሮ ሐኪም በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው። የሐኪሙ ስም ዓለምን ሲዞር የሴትየዋ መዝገብ ጠፍቶ ኖረ፤ የተገኘው በ1995 ነው። እኛም ስለ ሴትየዋ የምናውቀው ሐኪሙ የተናገሩትን ቃል በቃል ጽፎ ስላስቀመጠ ነው። ይህንን ልብ በሉልን፤ እንመለስበታለን።

ሌላው ወገን ከዚህ የከፋ ነው። ሐንስ ራይተር በ1916 አንድ ወታደር ላይ ያየው የመገጣጠሚያ፣ የዓይንና የሽንት ቧንቧ ብግነት በስሙ ሲጠራ ኖረ። ይኸው ሰው በናዚ ዘመን የመንግሥቱ የጤና መሥሪያ ቤት የበላይ ነበር፤ በቡኸንቫልድ ማጎሪያ በእስረኞች ላይ የተደረገውንም የታይፈስ ክትባት ሙከራ ያውቅ ነበር። ዛሬ በሽታው ሪአክቲቭ አርትራይተስ ይባላል። ማክስ ክላራ ደግሞ በ1937 በሳንባ ጥቃቅን ቧንቧዎች ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት የገለጸው የናዚ መንግሥት በሞት ከቀጣው እስረኛ በተወሰደ ሥጋ ነው። ከ2013 ወዲህ የሳንባ ሕክምና መጽሔቶች «ክለብ ሴል» ይሏቸዋል። የእስረኛውን ስም ግን የትኛውም የምናጠናው መጽሐፍ አይነግረንም። ስም መፋቅ ቀላል ነው፤ የተፋቀውን ሰው መመለስ ነው የሚከብደው።

በዚህ ነገር ማታ ማታ እንከራከራለን። ገሚሶቻችን «የሰው ስም ሁሉ ይነሣ፤ በሽታው በሥራው ይጠራ» እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ስሙ ከተነሣ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል፤ ማን ጠይቆ ማን ይነግረናል?» እንላለን። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለእኛ ክርክሩን ያለዘበልን ቢልሃርዝ ነው፤ ወደ አገራችን ቀረብ ስለሚል።

ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮው የቀስር አልዓይኒ ሆስፒታል የግብፃውያንን አስከሬን ሲመረምር በደም ሥር ውስጥ የሚኖረውን ትል አገኘ። ቢልሃርዝያ የምንለው በሽታ ይኸው ነው። በ1862 አንድ የጀርመን መስፍን ተከትሎ እስከ ምጽዋ መጣ፤ በዚያው ጉዞ ታይፈስ ያዘውና ካይሮ ተመልሶ በ37 ዓመቱ ሞተ። ስሙን የሚነፍገው ያለ አይመስለንም።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተገኙ። የቢልሃርዝያ ትል ደግሞ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚህ የተነሣው ምርምር በ1989 ለእሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂው ኢንስቲትዩትም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል፤ ይገባቸዋል። ግን እንዶዱን ወቅጠው፣ አረፋውን አውጥተው፣ ውሃው ዳር ጎንበስ ብለው ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ማን ማን ይባሉ ነበር? ማንም አልመዘገባቸውም። በደብተራችን ውስጥ ጀርመኑ አለ፣ ሐበሻው ሊቅ አለ፤ አጣቢዋ የለችም።

ይህ የታሪክ ቁጭት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርናችሁ። ነገሩ የነገ ሥራችን ነው። ዋርድ ስንገባ የምንሰማው አጠራር ምንድን ነው? «አልጋ ሰባት»፣ «ያቺ የጉበቷ»፣ «የቢልሃርዝያው ልጅ»። የሞተውን የጀርመን ሐኪም ሙሉ ስም ከነፊደል አጣጣሉ የሸመደደ ተማሪ፣ ፊት ለፊቱ የተኛውን ገበሬ ስም ከካርዱ ላይ ለማንበብ ይሰንፋል። ካርዱ ላይ የአባትም የአያትም ስም አለ እኮ!

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ስሞቹን እናጥና፤ ፈተናም አለብን። ግን በደብተራችን ጠርዝ ከአልዛይመር አጠገብ «አውጉስተ» ብለን እንጻፍ። ከቢልሃርዝያ አጠገብ «የዐድዋ አጣቢዎች» እንበል። ከክላራ አጠገብ ባዶ መስመር እንተው፤ ባዶነቱ ራሱ ይናገራል። ከአልዛይመርም ሌላ ትምህርት እንውሰድ፤ ሰውየው ማይክሮስኮፑ ጋ ከመድረሱ በፊት አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የጀመረው «ስምዎ ማን ይባላል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። መልሱንም ጽፎታል።