ይነሡ ያልኳቸው እኔ ነኝ

ባሕር ዳር በጀልባ ረዳትነት በምሠራበት ዘመን አንድ አዛውንት ጣና ውስጥ ወደቁ። ለጀልባዋ ባለቤትም ለልጆቻቸውም «ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ ብለው ቆሙ» አልኩ። ውሸቴን ነበር። ይነሡ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ከዘጌ ስንመለስ ነው። ከሰው ጋር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንጭናለን። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉም ይነሣል። የዚያን ቀን ጭነት ስንጠብቅ አረፈድን። ጆንያ በመተላለፊያው ላይ ደረደርኩ፤ የማሰሪያውን ገመድም ሳልጠቀልል እዚያው ወለሉ ላይ ተውኩት።

ላይፍ ጃኬት አልነበረም እንዳይባል፣ ለሁሉም የሚበቃ ነበር። ግን መንገደኛ እየተቀመጠበት ያቆሽሸዋል፣ ይጠፋል እያልኩ ማሰሪያውን እርስ በርስ ቋጥሬ ፊት ለፊት ካለው ሳጥን ከትቼዋለሁ። ቁጥጥር ሲመጣ ሳጥኑን ከፍቼ አሳያለሁ፤ ንጹሕና የተሟላ ነው። እኔም በዚያ እኮራ ነበር። በሳጥኑ ክዳን ላይ ግን ቡና ይጫንበታል።

ማዕበሉ ሲያናውጠን አንድ ጆንያ ተንሸራተተ። «አባባ፣ ይነሡ፣ ላሳልፍ» አልኳቸው። ታዘው ተነሡ። እግራቸው ገመዱ ውስጥ ገባ፤ ጀልባዋ ስታዘነብል ትከሻቸው ከጠርዙ ጋር ተጋጭቶ ወደ ውኃው ሄዱ።

ወደ ሳጥኑ ሮጥኩ። ጆንያዎቹን አንሥቼ ክዳኑን ስከፍት የቋጠርኩት ቋጠሮ አልፈታ አለኝ። ጥርሴን ሁሉ ሞከርኩ። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፣ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው፤ ዋና ለማያውቅ ሽማግሌ ግን የዚያ እሩቡም ይበቃል። ያዳናቸው ካፒቴኑ የወረወረላቸው ባዶ ጀሪካን ነው። እሱን አቅፈው ቆዩ፤ ጎትተን አወጣናቸው።

ትከሻቸው ተሰብሮ ነበር። ወደብ ላይ ልጆቻቸው ሲሰበሰቡ ያንን ውሸት ተናገርኩ። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝና፣ «እኔው ነኝ መሰለኝ፣ ሳልቸኩል አልቀረሁም» አሉ። ልጃቸው «ምን አስነሣዎት አባዬ!» ብሎ ተቆጣቸው። ዝም አልኩ። ጥፋቱ የመንገደኛው ነው ስለተባለ ባለቤቱ ለሕክምና አንድ ሳንቲም አልከፈለም፤ ወጪው በቤተሰቡ ላይ ወደቀ። ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ ግን በራሳቸው ላይ እንዲፈርዱ ማድረጌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሴዎል የተባለች መርከብ ሰጥማ ከ300 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ አልቀዋል። ከመጠን በላይ የተጫነውና በቅጡ ያልታሰረው ዕቃ ወደ አንድ ጎን መንሸራተቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ይህን ሳነብ ያ ጆንያ ዓይኔ ላይ መጣ።

ይህን ሁሉ አሁን በምኖርበት ቶንጎ ተቀምጬ የምናዘዘው ስለ እህቴ ልጅ ነው። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ዛሬ እኛው ክልል ውስጥ፣ ጉባ ላይ፣ በግድብ ተገትቶ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ ሆኗል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ ልጁ እዚያ ወርጄ ጀልባ ላይ ልሥራ ይላል። «አጎቴ፣ ምን ልወቅ?» ሲለኝ ስለ ሞተርና ስለ ነፋስ ነገርኩት፤ ስለ ሳጥኑ ግን አፌ አልታዘዘኝም። አሁን ልንገረው፦ ላይፍ ጃኬቱን ለመንገደኛው ገና ከወደቡ ሳትነሣ አልብሰው። ትርፍ ካለ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ይሁን፤ አትቋጥረው፣ ዕቃም አትጫንበት። ሰው የሚረግጠው ቦታ ላይ ገመድ አይደር። ጭነቱን ዝቅ አድርገህ እሰረው፤ ባለቤቱ ጨምር ቢልህ እምቢ በል።

አዛውንቱ አርፈዋል። መከሩን ሸጬ ዘጌ እሄዳለሁ። ለሕክምናው ያወጡትን ለልጆቻቸው መክፈል አለብኝ፤ ከዚያ በፊት ግን አባታቸውን የተቆጣውን ልጅ ፊት ለፊት አግኝቼ እነግረዋለሁ።