ውኃው ወዴት ይሂድ?

ክረምት በመጣ ቁጥር ምድር ቤቱ ውኃ የሚያፈልቅበት ሰው በመጀመሪያ «ይህ ውኃ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ካስወጣሁት በኋላ ወዴት ልስደደው?» የሚለው ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ዛሬ የምትኖረው በወላጆችህ ቤት ወይም በኪራይ ክፍል ይሆናልና ነገሩ የማይመለከትህ ይመስልህ ይሆናል። ቢሆንም ጥቂት ታገሠኝ።

ቤቴ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ በሚወርደው ዳገት ላይ የተሠራ ነው። በዳገት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው አፈሩን ቆርጦ ይገባል፤ ስለዚህ ከፊት ሲያዩት ደኅና ክፍል፥ ከኋላ ሲያዩት ግን ጉድጓድ የሆነ ምድር ቤት ያገኛል። እኔም በዚያ ክፍል መጻሕፍቴንና ካስተማርኋቸው ልጆች የተቀበልኋቸውን የድርሰት ደብተሮች አኑሬ ነበር። አንድ ዓመት ሐምሌ ሲገባ የኋላው ግንብ ያልበው ጀመር።

በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይታዘዝም፤ የቤት እርጥበትም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግቼ ቆጣሪውን ተመለከትሁ፤ ስላልዞረ የተሰበረ ቧንቧ እንደሌለ ተረዳሁ። ቀጥሎ ግንቡን በጨርቅ አድርቄ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን አጣበቅሁበትና ሁለት ቀን ተውሁት። ጠብታው በላስቲኩ ፊት ቢታይ የክፍሉ አየር እርጥበት ነው፤ በጀርባው ቢታይ ግን ከግንቡ ውስጥ የሚመጣ ነው። የእኔ በጀርባው ነበር።

ከዚያም ሒሳብ ሠራሁ። (ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሒሳብ ካልሠራ እንቅልፍ አይወስደውም።) 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ቢወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። ጣራዬ 100 ካሬ ሜትር ያህላል፤ ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር በጣለበት ቀን 3,000 ሊትር፥ ማለትም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል 15 በርሜል ውኃ ይወርድበታል። የአሸንዳው መውረጃ ደግሞ፥ ቤቱን የሠራው ሰው እንደ ተወው፥ የሚያበቃው ከኋላው ግንብ ሥር ነበር። ከዳገቱ የሚወርደው ሲጨመርበት በነሐሴ ወለሉ ላይ ውኃ ቆመ።

ያስጠራሁት ግንበኛ «ጋሼ፥ ከውስጥ በሲሚንቶ ልለስንልዎትና ይርሱት» አለኝ። አልተስማማሁም። ከውስጥ የተለሰነ ሲሚንቶ ውኃውን ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም። ውኃው ከኋላ እየገፋ ነጭ ጨው ያወጣበታል፥ ያሳብጠዋል፥ በመጨረሻም ያራግፈዋል። የተሳሳተ መልሱን በቀለም አጥቁሮ የሚያስረክብ ተማሪ ስንት አይቻለሁ!

«እንግዲያስ አጥሩን እንብሳውና በቱቦ ወደ ታች እንልቀቀው፤ በሁለት ቀን ያልቃል» አለ። ከአጥሩ ታች ያለው የአንዲት ባልቴት ጭቃ ቤት ነው። ይህን ብነግረው «ውኃ ቁልቁል መውረድ ልማዱ ነው፤ እርስዎን ምን ቸገረዎት?» አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ የብዙዎቻችንን አሳብ ነው የተናገረው። ነገር ግን ጭቃ ቤት ማለት መሬት ውስጥ የተተከለ እንጨት፥ ጭድና ጭቃ ነው። የድንጋይ ግንብ ብዙ ክረምት እርጥበት ይችላል። የጭቃ ግድግዳ ግን ሥሩ ከራሰ እንጨቱ ይበሰብሳል፥ ልስኑ ይረግፋል፥ አንድ ሌሊትም በተኛው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለእኔ የደብተር ነገር የሆነው ለእርሳቸው የነፍስ ነገር ነበር።

የገጠሩ ሰው ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቃል። በሰሜኑ ደጋ ገበሬው ዘሩን ከዘራ በኋላ ማሳው ላይ ውኃ እንዳይተኛበት በማረሻው አግድም እየቀደደ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ የእርሱን እህል ያድናል፤ አፉ ወደ ጎረቤት ማሳ የዞረ እንደ ሆነ ግን የዚያን ሰው አፈር ጠርጎ ቦረቦር ያወጣበታል። በዚህ ምክንያት ስንት ጠብ ተነሥቶ በሽማግሌ ታይቶአል።

የቀረው መንገድ ውኃውን ከጎን ወዳለው የመንገድ ቦይ መውሰድ ነበር። ለዚህም በምሥራቅ ባለው ጎረቤቴ ግቢ ዳር 9 ሜትር ማለፍ ያስፈልጋል። እርሱም «መምህር፥ ውኃዎን ወደ ቤቴ ሊያመጡብኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። አልፈረድሁበትም፤ እኔ ስለ ታችኛዋ ሴት የፈራሁትን እርሱ ስለ ራሱ ፈራ።

ስለዚህ ያ ክረምት በባልዲ አለፈ። ላይኛው ቤት የቻለውን ያህል መጻሕፍት ተሸከመ፤ ቦታ ያጡት ደብተሮች ግን የሚበዙት ሻገቱ። ሌሊት ውኃ ስንቀዳ ባለቤቴ «ያንተ ይሉኝታ አበሰበሳቸው» ትለኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

በጥቅምት ጎረቤቴን እንደገና ለመንሁት። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህር ውኃ የሞላበት ግልጽ ቱቦ እያስያዘ የአትክልቱን ቦታ ያስለካን ነበር፤ በቱቦው ሁለት ጫፍ ያለው ውኃ ምንጊዜም እኩል ይቆማልና። እንዲህ ያለ ቱቦ ገዝቼ አንዱን ጫፍ ለጎረቤቴ አስያዝሁት፥ ሌላውን ይዤ ከቦዩ ዘንድ ቆምሁ። የእርሱም ወለል የእኔም ምድር ቤት ከቦዩ ከፍ ብለው ተገኙ። በዓይኑ ካየ በኋላ ፈቀደ፤ እንዲያውም የራሱ ጣራ ውኃ በዚያው እንዲሄድለት ጠየቀ።

አፈሩ ሲደርቅ፥ በታኅሣሥና በጥር፥ ግንቡ እንዳይናድ በየሦስት ሜትሩ እየተቆረጠ ከጀርባው እስከ ወለሉ ጥልቀት ተቆፈረ። ግንቡ ከውጭ ተለስኖ ሬንጅ ተቀባ፤ ከታች ቀዳዳ ያለው ቱቦ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ተዘረጋና ጠጠር ለበሰ። የአሸንዳው ውኃ ለብቻው በሌላ ቱቦ ወደ ቦዩ ተመራ። ወጪው ግንበኛው መጀመሪያ ከጠራልኝ ሦስት እጥፍ ሆነ።

የታችኛዋ ጎረቤቴ ያን ጥር ሙሉ ስለ ቁፋሮው አቧራ ሲያማርሩ ከረሙ። አጥሩን የመብሳቱን ነገር አልነገርኋቸውም፤ ከግንበኛው ጋር ሰላምታ አላቸውና። ክፍሉ አሁን ደኅና ነው፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ በነሐሴ ትንሽ ይወረዛል፥ መደርደሪያውን ከዚያ አንድ ስንዝር አርቄዋለሁ። ግንቦት ሲያልቅ፥ ደለል እንዳይዘጋው፥ የምሥራቁ ጎረቤቴ ልጅና የእርሳቸው የልጅ ልጅ ከእኔ ጋር ቦዩን ይጠርጋሉ።