ሙት በሉት

ረስት የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ (1.0 እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው) ግትር ነው። ለአንድ ስም 5ን ሰጥታችሁ ኋላ 6 ላድርገው ብትሉ ኮምፓይለሩ አሻፈረኝ ይላል። እንዲለወጥ ከፈለጋችሁ ገና ስትፈጥሩት ከፊቱ «ሙት» ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ። ቀልዱ እዚህ ጋ ነው፤ በእኛ ሙት በድን ነው፣ በረስት ግን የሚለወጠው እሱ!

እስኪ 10 እስኪሞላ የሚዞር «ዋይል» ሉፕ ጻፉ። ቆጣሪው ሙት ካልተባለ አንድ መጨመር አይፈቀድለትም። ካልጨመረ ደግሞ ዙሩ ማለቂያ የለውም።

የእኔም ኑሮ እንዲሁ ነው፤ ጠዋት ታክሲ፣ ቀን ቢሮ፣ ማታ ታክሲ። መዞሩንስ ሁላችንም እንዞራለን። ጥያቄው በየዙሩ አንድ የሚጨምር ነገር አለ ወይ ነው። ደመወዜን ሙት የሚለው አለቃዬ ነው። እኔ ያልኩት ማታ የማጠናበትን አንድ ሰዓት ነው። እናንተስ?