አረንጓዴ ካየሁማ

አረንጓዴ ሽፋን ያለው አሮጌ መጽሐፍ ካየሁ እግሬ አያልፍም። አመሉን ያስያዘኝ የእንግሊዙ አሳታሚ ፔንግዊን ነው። መሥራቹ አለን ሌን እ.ኤ.አ. በ1935 በስድስት ፔንስ የሚሸጡ መጻሕፍት ማሳተም ሲጀምር ለየዘርፉ ቀለም መደበ፤ ብርቱካናማው ለልቦለድ፣ ሰማያዊው ለሕይወት ታሪክ፣ አረንጓዴው ለወንጀል። የአጋታ ክሪስቲ የበኩር ልቦለድ ከመጀመሪያዎቹ አሥር አንዱ ነበር፤ አረንጓዴ ለብሶ!

ደግሞ ሽፋኑ ሥዕል የለውም። ከላይና ከታች አረንጓዴ፣ መሐሉ ነጭ፣ ርእስና የደራሲ ስም፤ በቃ። ደም የነካው ጩቤ የለ፣ የምትጮህ ሴት የለች። የዛሬዎቹማ (ሁሉም ጥቁርና ቀይ ናቸው መሰለኝ) ገና ሳይገለጡ ገዳዩን ሊነግሩን ምንም አይቀራቸው።

አሳታሚዎቻችን፣ እስቲ እናንተም ለወንጀል ልቦለድ አንድ ቀለም ቁረጡልን። ከሩቅ ለይተን እንገዛለን።