ቱርቦ ፍለጋ ጅቡቲ

የድንበሩን ጋላፊ ተሻግሬ ወደ ባሕሩ በተጠጋሁ ቁጥር ላንድ ክሩዘሬ ልጅነቷ ተመለሰላት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ እዚያ ሞተሯ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ቱርቦ የለውም፤ ቶዮታ 1ኤችዜድ የሚለው ባለ ስድስት ፒስቶን፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ የሚወጣው ይህ ሞተር እዚህ ነዳጅ ገና ስሰጠው ይፈተለካል። የሙቀቱ መርፌ ግን አብሮ ይወጣል።

ጅቡቲ የሄድኩት ቱርቦ ልገዛ ነበር። ያረፍኩት የእኛ ሾፌሮች በሚያድሩበት በፒኬ 12 ነው። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ ስለሆነ፣ ሰፈሩ ውስጥ ከአፋርኛና ከሶማሊኛ እኩል አማርኛ ይሰማል። ማታ ማታ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከባድ መኪናው ቆሞ፣ ሾፌሩ ወርዶ ፊቱን እየታጠበ፣ ሞተሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይጠፋ ይቆያል። ምክንያቱን የነገሩኝ በማግስቱ ባልባላ ሰፈር ውስጥ ያገኘኋቸው አዛውንት መካኒክ ናቸው።

የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረችው ያቺ ከተማ ስንት የእጅ ባለሙያ እንዳፈራች እሳቸውን አይቶ መገመት ይቻላል። ልገዛው የያዝኩትን ያገለገለ ቱርቦ ተቀበሉኝና መጀመሪያ የፋኑን ክንፎች ጫፍ በጥፍራቸው ዳሰሱ። ከዚያ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጎን ነቀነቁት፣ ቀጥሎም ሳብና ገፋ አደረጉት። «ወደ ጎን ትንሽ ቢንቀሳቀስ ግድ የለም፤ ዘይት ነው የሚሞላው። ወደፊትና ወደኋላ ከተንቀሳቀሰ ግን ጣለው። ይሄን ደግሞ አሸዋ በልቶታል።» ጣቴን ወስደው አስነኩኝ። የክንፎቹ ጠርዝ እንደ መጋዝ ሻካራ ነበር። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ለሚሽከረከር ዕቃ የተቀደደ የአየር ፊልትሮ ምን እንደሚያደርገው በጣቴ ተረዳሁት።

«ስንት ባር ልትነፋበት አስበሃል ልጄ?»

«1 ባር ጋሼ።»

«ቴስታታው ስንት ጊዜ ወርዷል?»

አንድ ጊዜ እንደወረደ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቀጥለው ያስረዱኝን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። የእኔ ሞተር አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ይጨምቃል። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ የገጠመለት ወንድሙ 1ኤችዲቲ ግን የጭመቃው መጠን ወደ 18.6 ዝቅ ተደርጎለታል፤ ፋብሪካው አየር ከመንፋቱ በፊት ቦታ አዘጋጅቷል ማለት ነው። እኔ ባልተዘጋጀው ላይ 1 ባር ብነፋ ቴስታታው በባልቦላዎቹ መካከል ይሰነጠቃል። «ደግሞ የውጪው አየር 42 ዲግሪ ሆኖ ራዲያተሩ ሙቀቱን ለማን ይስጥ?»

ስለዚህ ምርጫዬ በሙሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ የሚገዛው ወፍራም ራዲያተርና ጤነኛ ቬንቶላ ሆነ። ከዚያ የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ፤ ዳገት ላይ ከ650 ዲግሪ እንዳላሳልፍ አስጠነቀቁኝ። ቱርቦው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ያውም በ0.5 ባር፣ የተጨመቀውን አየር ከሚያበርድ ኢንተርኩለር ጋር። ፖምፓው ላይ ነዳጅ መጨመር የመጨረሻው ነው፤ ናፍጣ ሞተርን ከመጠን በላይ የሚያግለው ከአየሩ ይልቅ የበዛ ነዳጅ ነውና። ሾፌሮቹ ሞተር ሳያጠፉ የሚቆዩትም ለዘይቱ ብለው ነው። ቱርቦው እንደጋለ ሞተሩ በድንገት ከጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፤ ውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይከስልና ዘንጉን ይበላዋል።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከእኛ አገር የሚመጣው ጫት ሲደርስ ጋራዡ ተዘጋ፤ ከተማውም ጸጥ አለ። እኔ ያንን ጸጥታ ወደድኩት። አመሻሽ ላይ ሚኒሊክ አደባባይ ነጫጭ ቅስቶች ሥር ተቀምጬ፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ላቤን ሲያደርቀው፣ የዚያን ያህል የተመቸኝ ከተማ ትዝ አላለኝም።

በሦስተኛው ቀን ራዲያተሩና መለኪያው ተገጠሙ። የተበላውን ቱርቦ እሳቸው ዘንድ ተውኩት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ አሸዋው ሳይግል፣ ከ700 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ አርታ ዳገት ወጣሁ። በሁለተኛ ማርሽ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ዓይኔ የሞተሩ ሙቀት መርፌ ላይ ነበር። መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ አለፍኳቸው፤ ታች የታጁራ ባሕረ ሰላጤ መንጋት ጀመረ፤ መርፌው ከመሐል ንቅንቅ አላለም።