«ወረቀት ነው» ያልኩት

የልጅ ልጄ ከእናቱ ጋር ከአሜሪካ መጥቶ መርሳ እኛ ቤት የሰነበተው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ስቀበላቸው ሻንጣውን ሁሉ አስረክቦ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ግን ከብብቱ አላወጣም። እስከ መርሳ ድረስ ጭኑ ላይ አቅፏት ተኛ። ቤት ገብተን ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ «ቁርጥ አያቱን!» ሲባል እሱ ሣጥኗን ከፍቶ ካርዶቹን ምንጣፉ ላይ ይደረድር ጀመር።

ባለቤቴ አይታ ደነገጠች። «ካርታ ነው እንዴ? ይሄ ልጅ ከአሁኑ ቁማር ጀመረ?» አለች። ልጄ እየሳቀች አስረዳቻት። ጨዋታው ፖኪሞን ይባላል፤ ገንዘብ አይያዝበትም። ካርዶቹ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ተጀምረው ዓለምን ያዳረሱ ናቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከሰበሰባቸው ካርዶች ውስጥ 60 መርጦ የራሱን ክምር ያዘጋጃል። ያው ስም ያለው ካርድ ከአራት በላይ መግባት አይችልም፤ «ኢነርጂ» ከሚባሉት መሠረታዊ ካርዶች በስተቀር። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሰባት ካርድ በእጅ ይያዛል፤ ስድስት ደግሞ ለሽልማት ተገልብጦ ጎን ይቀመጣል። ብልሃቱ ያለው ከጨዋታው በፊት ነው፤ የትኛውን ስድሳ ትመርጣለህ ነው ነገሩ።

ልጁ ግን ይደረድራል እንጂ አይጫወትም። አንዱን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ይመልሰዋል። ጠጋ ብዬ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «አባባ፣ አንተ ይሄን ታያለህ?» አለኝ። እናቱ ከወዲያ ሆና «‹አንቱ› በል!» ስትል ሰማኋት። በካርዱ በግራ በኩል፣ ከታች ጥጉ ላይ፣ መነጽሬን አድርጌ እንኳ በጭንቅ የማያት አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። «ዲ» ናት። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን «ዲ» የሚለው ፊደል የቅርብ ጊዜ ካርዶች ብቻ ከሚፈቀዱበት ይፋዊ ውድድር ወጣ። «ኢ»፣ «ኤፍ» እና «ጂ» ብቻ ቀሩ። ቀኑን ስቆጥረው የዚያ ዓመት ስቅለት ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ የአንድ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ማጂክ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የካርድ ጨዋታም ከ1995 ጀምሮ የቅርብ ጊዜ ካርዶች ብቻ የሚፈቀዱበት ውድድር አለው። አሮጌው ካልወጣ አዲስ የሚጀምር ልጅ የድሮ ካርድ ፍለጋ ሲንከራተት ይኖራል፤ ጨዋታውም በዚያው በጥቂት ኃይለኛ ካርዶች እንደተያዘ ይቀራል። ምክንያቱ ለሰሚው ደግ ነው። የልጅ ልጄ ግን ዋናው ካርዱ፣ ቻሪዛርድ ቪማክስ የሚባለው እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ «ዲ» ነበረበት።

እኔም እንደ አያት ላጽናና ብዬ፣ «አብሽር! ምን ያስተክዝሃል? ወረቀት ነው እኮ» አልኩት።

መልስ አልሰጠኝም። ካርዶቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ሣጥኑን ዘጋና ወደ እናቱ ሄደ።

ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ልጄ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ያን ካርድ ወረቀት ነው ያሉት ስላላወቁ ነው» አለችኝ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ እኛ ከቤታችን አልወጣንም ነበር። ስልክ ጠፋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ልጄ ስለ እኛ መኖርና አለመኖር ምንም አታውቅም። ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ፊቷ አስቀምጣ ትቀመጥ ነበር አሉ። ያኔ ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። ካርዶቹን ይዞ ይመጣና «ማሚ፣ አንድ ጨዋታ» ይላታል። «እኔ ሕጉን እንኳ በደንብ አላውቀውም» አለችኝ። «እሱ ግን ካርድ ሲያድለኝ ለግማሽ ሰዓት ያህል ስለ እናንተ አላስብም ነበር። በየማታው በዚያ በዘንዶው ያሸንፈኛል። የእናንተ ስልክ የገባ ዕለትም ካርዶቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ነበር።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትዝ ያለኝ አባቴ ነው።

በ1969 ደርግ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለበትን ብር ሲለውጥ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረው በሀብሩ ገጠር ነው። አባቴ ለእህቴ ሰርግ ብሎ ቦራ የሚባለውን በሬውን ሸጦ ብሩን ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ወሬው ሲደርሰው አላመነም። ንጉሥ ይወርዳል እንጂ ብር እንዴት ይወርዳል ብሎ ቆየ። ቁርጡን አውቆ ከተማ ሲወርድ የመለወጫው ጊዜ አልፏል። አጎቴ ሊያጽናናው፣ «ተወው በቃ፣ ከእንግዲህ ወረቀት ነው» አለው። አባቴ አልመለሰለትም። ብሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሣጥኑ መለሰው። አጎቴ ያየው ወረቀቱን ነው፤ አባቴ የያዘው ግን ቦራን ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ አርባ ስድስት ዓመት ቆይቼ ያችኑ ቃል ለልጅ ልጄ ደገምኩለት።

ጠዋት ከቁርስ በፊት ጠራሁት። «ትናንት ወረቀት ነው ማለቴ ጥፋት ነው። ይቅር በለኝ። አሁን ሁሉንም አውጣና አሳየኝ» አልኩት። እናቱን አየት አደረገና ሣጥኑን አመጣ።

ስድሳውን በሦስት ክምር ለየናቸው። አንደኛው «ዲ» ያለባቸውና የወጡት ነው፦ ቻሪዛርድ ቪማክስ፣ ኩዊክ ቦል፣ ማርኒ፣ ክሮባት ቪና ሌሎችም፤ 25 ሆኑ። ሁለተኛው ያስገረመኝ ክምር ነው። «ዲ» አለባቸው፤ ግን አልወጡም። ለምን ስለው፣ ያው ካርድ በኋላ በአዲስ ፊደል እንደገና ከታተመ የድሮውም ይፈቀዳል አለኝ። «ፕሮፌሰርስ ሪሰርች» አራት፣ «ቦስስ ኦርደርስ» ሁለት፤ ስድስት ዳኑ። ሦስተኛው ክምር ፊደላቸው ያላለፈባቸው 15 ካርዶችና መቼም የማይሻሩት 14 የእሳት ኢነርጂዎች ናቸው። ስለዚህ ከስድሳው ሠላሳ አምስቱ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ልጁ ይህን ቆጥሮ አያውቅም ነበር። ዘንዶው ሲወጣ ሁሉም የጠፋ መስሎት ከሚያዝያ ጀምሮ ሣጥኑን እየከፈተ ይዘጋ ነበር።

«የወጡትን እንጥላቸው?» አለኝ ፈራ ብሎ። «ማን ጣል አለህ?» አልኩት። የተከለከሉት ያ ፊደል በማይፈቀድበት ውድድር ነው እንጂ ቤት ውስጥ ማንም አይከለክልም። ሃያ አምስቱን በላስቲክ ከረጢት አደረጋቸው። ከላዩ በአማርኛ መጻፍ ፈለገ። ፊደሎቹን አሳየሁትና ተጠንቅቆ «የማሚ» ብሎ ጻፈበት።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ማሳ ላይ ወሰድኩት። ወንድሜ በሚያዝያ ደገሌት ማሽላ ዘርቶ ነበር። ደገሌት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ግን ፍሬውም ደግ ነው፣ አገዳውም ለከብት ይተርፋል። በዚያ ዓመት ዝናቡ መሃል ላይ ተቋርጦበት የላይኛው ማሳ ደረቀ። እኛ ስንደርስ በሬዎቹን ጠምዶ ለጤፍ ይገለብጠዋል። በወንዙ በኩል ያለው ግን አረንጓዴ ነው፤ አልነካውም። ልጁ በተሰባበረ አማርኛው «ለምን ሁሉንም አታርስም?» አለው። ወንድሜ ሳቀ። «በሕይወት ያለውን ለምን አርሳለሁ? መጀመሪያ ዞሬ አየሁ። የበቀለውን ተውኩ፣ የደረቀውን ገለበጥኩ። ሐምሌ ገብቷል፤ አሁን ደገሌት ብዘራ አይደርስልኝም። ጤፍ ይደርሳል።» ልጁ ቀጠለ፦ «ደገሌት በቃ ጠፋ?» «ዘሩ ጎተራ አለ» አለው ወንድሜ፤ «ለከርሞ ሚያዝያ እሱን ነው የምዘራው።»

በማግስቱ ክምሩን ከቀረው ተነስተን ሠራነው። አሥራ አራት የእሳት ኢነርጂ ስላለ የእሳት ካርድ ይሻላል አለ። በሣጥኑ ሥር «ኤፍ» ያለበት ቻሪዛርድ ቪስታር ነበረው፤ ያው ዘንዶ በሌላ መልኩ። ካሉት ካርዶች 17 መረጠ፤ ስምንት ጎደሉት። በኩዊክ ቦል ፋንታ ኔስት ቦል አራት፣ በማርኒ ፋንታ ኢዮኖ አራት። ኩዊክ ቦል አንድ ካርድ ከእጅህ አስጥሎ ጀማሪ ፖኪሞን ያመጣልሃል፤ ኔስት ቦል ግን ምንም ሳያስጥል በቀጥታ ሜዳ ላይ ያስቀምጥልሃል። በአንድ በኩል ተሽሏል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ስምንቱን የት እናግኝ? ወደ ወልድያ ይዤው ሄድኩ። መንገድ ላይ ስሪንቃን ስናልፍ የግብርና ምርምር ማዕከሉን አሳየሁትና ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚደርሰው ግራና-1 የሚባለው ማሽላ እዚህ እንደወጣ ነገርኩት፤ ስሙም የራሳችን የሀብሩ ግራና ነው። «አዲስ ፊደል» አለ ወዲያው። ወልድያ ካርዱ እንደማይገኝ አውቅ ነበር። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብተን ጠንካራ ወረቀት በካርዱ ልክ አስቆረጥን። ልጅቷ «የሰርግ ጥሪ ነው አባባ?» አለችኝ። ልጁ የስምንቱን ስምና ሥራ በራሱ እጅ ጻፈና እያንዳንዱን በላስቲክ ልባሱ ውስጥ ከአንድ የማይፈልገው ካርድ ፊት አስገባው። ለውድድር አይሆንም፤ ለመርሳ ግን ይሆናል።

ያን ሳምንት በየማታው ተጫወትን። ባለቤቴ «ቁማር» ማለቷን ትታ ለማን እንደሚደርስ ትከታተል ጀመር። እኔ ከሁሉም የወደድኩት «ፕሮፌሰርስ ሪሰርች»ን ነው። ሥራው አጭር ነው፦ በእጅህ ያለውን ሁሉ ጣል፣ ሰባት አዲስ ካርድ ሳብ። መጀመሪያ ጥሩ ካርድ ይዤ መጣል ይጨንቀኝ ነበር። «አባባ፣ አንቱ በጣም ይሰስታሉ» አለኝ ልጁ። «አንቱ»ን የለመደው በዚያ ሳምንት ነው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የልጅ ነገር ሲሰበር «ምን አለው» ለማለት እንቸኩላለን፤ ማጽናናት ይመስለናል። መጀመሪያ ግን ምን እንደያዘበት መጠየቅ ነበረብኝ። ቀጥሎም አብሮ ቁጭ ብሎ የቀረውን መቁጠር። በዚህ ሁሉ ብዙ አላወጣሁም፤ ለጠንካራው ወረቀት የከፈልኳትና የሁለት ሰው የወልድያ ትራንስፖርት ናት።

በ2017 ሚያዝያ 3 ቀን ደግሞ የ«ኤፍ» ተራ ደረሰ፤ ያ ከእኔ ጋር የሠራነው ቻሪዛርድ ቪስታርም ወጣ። ቀኑን አስቀድማ የነገረችኝ ልጄ ናት። ልጁ ከፍቶት ይሆናል ብዬ ደወልኩ፤ ምን እንደምለውም አስቤ ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል።

«እንዴት ነህ? ሰማሁ እኮ» አልኩት።

«አብሽሩ አባባ» አለኝ። «ሦስት ክምር ለይቻለሁ። ሃያ ዘጠኝ ካርድ በሕይወት አለ። ስምንቱን የመርሳ ወረቀት ግን ለብቻ ከረጢት አድርጌዋለሁ።»

ምን ብለህ ጻፍክበት አልኩት።

«‹የአባባ›።»