«ድናለች» ከተባለ በኋላ

ሰው ሲታመም ምን እንደሚደረግ አገራችን ጠንቅቃ ታውቃለች። ብርቱካኑ በፌስታል ይመጣል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይባላል፣ ቡናው ይፈላል። ሲሞትም እድሩ አለ፣ ድንኳኑ አለ። ግራ የሚያጋባው የታመመው ሲድን ነው። «ድናለች፣ እልል!» ተብሎ ጠያቂው ሁሉ ወደየቤቱ ይገባል። ከዚያስ? ለእኛ ማንም አልነገረንም፤ ስለዚህ እኛ እንንገራችሁ።

እኛ ሐይቆች ነን፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐይቅ። በ2012 ዓ.ም. የስምንት ዓመቷን ታናሽ እህታችንን ጉሮሮዋን አመማት። ቶንሲል ነው ተባለ፣ ተዋትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲለቃት ቁርጭምጭሚቷ ቀጠለ። በመጨረሻ ከአልጋ ወርዳ በሩ ጋ ስትደርስ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሞቹ ሩማቲክ ፊቨር አሉት። የጉሮሮውን ባክቴሪያ ሊዋጋ የተነሳ የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያንና የልብን በሮች ያጠቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው።

እናታችን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ተሳለች። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ዱበርቲዎቹን ሰብስባ ዱዓ አስደረገች፤ «አብሽሩ፣ ትድናለች» አለችን። ሐኪሞቹም የድርሻቸውን ሠሩ። ዳነች። ወሎ እንዲህ ነው፤ ማን እንዳዳናት እስካሁን አልተከራከርንም።

ከሆስፒታል ስትወጣ ግን አንድ ወረቀት ተሰጠን፦ በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ። እስከ መቼ? ልቡ ለተነካ ልጅ ቢያንስ አሥር ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የሚረዝመው። በሽታው ከተመለሰ ልቡን ይበልጥ ይጎዳዋልና። ቁጭ ብለን አሰላነው፤ በዓመት 13፣ በ13 ዓመት 169 መርፌ!

እናታችን ቀኑን ከእስጢፋኖስ ጋር ልታጣብቀው ፈልጋ ነበር፤ ወር በገባ በ17። የእኛ ወር ግን 30 ቀን ነው። መርፌው በሚቀጥለው ወር 15 ላይ፣ ከዚያም 13 ላይ እያለ ይሸሻል። ጳጉሜን ስትገባማ ተዉት። የማይሸሸው የሳምንቱ ቀን ነው። ስለዚህ ቤታችን «አራተኛዋ ማክሰኞ» የምትባል የራሱ በዓል አለው። በዚያ ቀን ቁርሷን በደንብ ትበላለች፣ ተኝታ ትወጋለች፣ አንዳችን እጇን ይዘን ወሬ እናወራላታለን። ትንሹ ወንድማችን ይህን ሁሉ እንክብካቤ አይቶ «እኔንም ልቤን ያመኛል» ብሎ ነበር። መርፌውን ሲያይ ወዲያው ዳነ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ አንዷ ማክሰኞ ያለ መርፌ አለፈች። ጤና ጣቢያ የለ፣ መድኃኒት ቤት የለ። በተኩስ ድምፅ መሐል እናታችን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጉሮሮሽን ያምሻል?» አላመማትም። አገልግሎቱ ሲመለስ ቆጠራውን እንደገና ጀመርን።

እሷን ራሷን ምን እናድርጋት? አትሩጪ፣ ውኃ አትቅጂ፣ ፀሐይ እንዳይመታሽ... መልሱን ያገኘነው ከሐኪሟና ከአያታችን ነው። ሐኪሙ «ትጫወት» አለ። አያታችን አምባሰል ናት። ለበዓል ከውጫሌ ዳገቱን ስንያያዝ እህታችንን ልናዝላት ስንል፣ «ልጅቱን አውርዷት! እግሯን አላመማት» አለች። ከዚያ ወዲህ ሥራው ተከፍሏል። ማክሰኞዋንና ጉሮሮዋን የምንጠብቅ እኛ ነን፤ እግሯ የራሷ ነው። ፍርሃታችን አልጠፋም፣ ግን ካላንደር ላይ ሰቅለነዋል፤ እዚያ ይሻለዋል።

ይህን የምንጽፈው የእኛ ዕድል ለሁሉም ስላልደረሰ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ቀዶ ጥገና የሚጠብቁት ልጆች ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ መነሻቸው በጊዜው ያልታከመ ቶንሲል ነው። ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል ቆራጭ ጋ አትውሰዱት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የዳነ ልጅ ያለበት ጎረቤት ካላችሁም ብርቱካኑ ይቅር፤ «መርፌዋ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እህታችን ዛሬ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ሩጫ ትወዳለች፣ መርፌ አሁንም አትወድም። ግማሹን መንገድ ልንጨርስ ነው።

ቸር ያሰማን።